የሙዓሊሙ ፊደል፣ የኢንጂነሩ ቁጥር

ጀሚን ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ በአንዲት ቃል ነው የሚያውቀው፤ «እሺ» በምትለው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ነው፤ ጅዳ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጀሚ ለአንድ ሰው እንኳ ፊት ለፊት «አይሆንም» ሲል ሰማሁ የሚል የለም።

የሚሠራው ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣ ጠባቧ መንገድ ላይ፣ ሙከይፍ የሚሉት የቤት ማቀዝቀዣና ፍሪጅ በሚጠገንባት ሱቅ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ይሸከማል፣ መሰላል ይይዛል፣ አቧራ የጠጣ ማጣሪያ ያጥባል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጸሐይ የጋለ ብረት እጁን እየለበለበው ብሎን ይፈታል። ፊደል ላይ ደካማ ነው። የአማርኛውን ሰው ካላየው በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብባል። የፈረንጁን በመልክ እንጂ በድምፅ አያውቀውም። ቁጥር ግን ያውቃል። ጆሮም አለው። የታመመ ኮምፕረሰር ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሰምቶ «ይቺ ጋዝ ጎድሏታል» ይላል፤ በሆዱ ነው የሚለው እንግዲህ። አሠሪው ሙዓሊም ጅብሪል ሌላ ነገር ካሉ የራሱን ይውጥና «እሺ ሙዓሊም» ብሎ መሰላሉን ያነሳል።

አንድ የሚያፍርበት ነገርም አለው። ሲጠግን የሚውለውን ሙከይፍ ማታ ክፍሉ ውስጥ አያበራውም። ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀራል ብሎ ያምናል። ጅዳ በነሐሴ ወላፈን ስትሆን እሱ መስኮት ከፍቶ በላብ ተዘፍቆ ያድራል። ይህንን ሙዓሊም ጅብሪል ቢሰሙ ሱቁ ሙሉ ሰው እስኪሰማ እንደሚስቁበት ስለሚያውቅ ለማንም አልተናገረም።

ሙዓሊም ጅብሪል የሱቁ ጌታ ናቸው። መካ ነው የተወለዱት፣ ነካሳ ሰፈር፤ አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ቤታቸው ከፈረሰው ሰፈር በተረፈችው ጥግ፣ ዳገቱ ላይ ናት። ሙያውን በልጅነታቸው በሳዑዲ ምሥራቅ፣ አሜሪካኖች የነዳጅ ካምፕ ውስጥ ነው የተማሩት። ከዚያ ካምፕ ሁለት ነገር ይዘው ወጥተዋል፤ አንድ ሳጥን መፍቻና አንድ እምነት። እምነቱ፣ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው የሚል ነው። ይህን ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ይናገሩታል።

ሐሙስ ሐሙስ ሱቁ በጊዜ ይዘጋና ጀሚ ሙዓሊሙን በመኪና መካ ያደርሳቸዋል። ታች ቤት፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አድሮ ቅዳሜ ጠዋት ይዟቸው ይመለሳል። የሙዓሊሙ ባለቤት እትዬ ሩቂያ ስኳር አለባቸው። በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የሚወጉት እንደ ስክሪፕቶ ያለ ነገር ነው፤ በእጅ ያለው ሲያልቅ ሌላ ይጀመራል። ያልተጀመሩት የሚቀመጡት ጓዳ ካለች ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጇን ሙዓሊሙ ከወዳደቀ ዕቃ ለሚስታቸው የሠሯት ናት። በሩ ላይ ቅዝቃዜዋን በቁጥር የምታሳይ፣ በሁለት ቁልፍ የምትስተካከል ትንሽ መስታወት ገጥመውላታል። በዚያ ሳምንት የቀድሞዋ መስታወት ተበላሽታ አዲስ ገጠሙና አርባ ላይ አደረጓት። በፋራናይት ነው፤ በማን ይሆናል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልጃቸው ዳሊያና ባሏ ፉኣድ ከጅዳ መጡ። ፉኣድ አዲስ አበባ የተማረ ኢንጂነር ነው፤ ጨዋ ነው፤ ግን የተሳሳተ ነገር ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። እጁን ሊታጠብ ጓዳ ገብቶ ፍሪጇን አያት።

«ዓሚ፣ አርባ ይላል እኮ» አለ አማቱን፣ ተመልሶ ሲቀመጥ። «ደነገጥኩ። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ከሁለት እስከ ስምንት ነው የተጻፈው፤ በሴልሺየስ። ለምን በዚያው አናደርገውም?»

ሙዓሊም ጅብሪል የሩዙን ትሪ ገፋ አደረጉ።

«ስማኝ ፉኣድ። ፋራናይት የሰው ሚዛን ነው። ዜሮ ሲል ሰው ይደርቃል፣ መቶ ሲል ሰው ይነድዳል። ኸላስ፣ አለቀ። ያንተ ሴልሺየስ የምን ሚዛን ነው? የማንቆርቆሪያ! ውሃ መቼ እንደሚፈላ ለማወቅ። እኔ ማንቆርቆሪያ ነኝ?»

«አንዳንዴማ ነህ ባባ» አለች ዳሊያ። «አሁን ራሱ እየፈላህ ነው።»

«ዓለም በሙሉ የሚሠራው በሴልሺየስ ነው» አለ ፉኣድ። «ከአሜሪካኖች በስተቀር ማን ቀረ?»

«ሙከይፍን የፈጠረው ማነው? አሜሪካን! የፈጠረው ሰው አላወቀም ነው የምትለኝ? ደግሞ ውጣና ውጭውን እየው። አርባ ሰባት ነው ሲሉህ ምን ይመስላል? የጫማ ቁጥር ይመስላል! መቶ አሥራ ስድስት ሲሉህ ነው ሙቀት ሙቀት የሚመስለው።»

«ዓሚ፣ እርስዎ እንዲህ ሲሉ የሚሰማዎት ሰው...»

«ሩዙ በፋራናይትም በሴልሺየስም በርዷል» አሉ እትዬ ሩቂያ። «ብሉ።» እጃቸው ደግሞ ወደ ቴምሩ ሄደ።

«ኡሚ! ሦስተኛሽ ነው!» አለች ዳሊያ።

«ዓጅዋ ስኳር አይጨምርም። ጥቁር ቴምር ሌላ ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ?»

በዚህ ላይ ሙዓሊሙም አማቹም አንድ ላይ ጮኹባቸው። በዚያ ቤት ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ጀሚ ከትሪው ጥግ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ማንም ምን ትላለህ አላለውም፤ ቢሉትም ሁለቱንም እሺ ነበር የሚላቸው።

ለዐስር ሰላት ሲወጡ ሙዓሊሙ ጫማቸውን እየፈለጉ ወደ ጀሚ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ፍሪጄን ሊነካ ያስባል። ጠብቅልኝ። ፊደሏ እንዳትቀየር፤ ሰማህ?»

«እሺ ሙዓሊም።»

ፊደሏ ፋራናይት ይሁን ሴልሺየስ የምትለየዋ፣ ከቁጥሩ ጎን መስታወቷ ጥግ ላይ የምትበራዋ ናት። ጀሚ በመልክ ያውቃታል። የሙዓሊሙ ፊደል የተሰበረ ማበጠሪያ ትመስላለች፤ የኢንጂነሩ ግማሽ ጨረቃ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፉኣድና ዳሊያ ሊሄዱ ተነሱ። ፉኣድ ደረጃው ላይ ጀሚን በክንዱ ያዘው። «ጀሚ፣ ከዓሚ ጋር መጨቃጨቅ ሰለቸኝ። አንተ ፈታ አድርገህ አምስት ላይ አድርግልኝ። ነገ ጠዋት ሲያዩት አምስት ይበል። ይለምዱታል።»

«እሺ ኢንጂነር።»

ጓዳ ገብቶ ፍሪጇ ፊት ቁጢጥ አለ። አርባ፤ ማበጠሪያ። አንደኛው ፊደሏን እንዳትነካ ብለውታል። ሁለተኛው ቁጥሩን አምስት አድርግ ብሎታል። ሁለቱም እሺ ተብለዋል። ብዙ አሰበ። መጨረሻ ላይ ፊደሏን ሳይነካ፣ ወደ ታች የምታወርደውን ቁልፍ እየተጫነ ቁጥሩን አወረደው። ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥር፣ አምስት። ማበጠሪያዋ እንዳለች ናት። ሁለቱም የታዘዙትን አገኙ።

ቁጥሩ አነሰበት፤ አልዋሽም፣ ጠርጥሯል። የሚያውቀው የሙከይፍ ቁጥር ነው፤ የፍሪጅ ቁጥር የሙዓሊሙ ብቻ ሥራ ስለነበር እርግጠኛ አልነበረም። ሊጠይቅ ደግሞ አልቻለም። ሙዓሊሙን ቢጠይቅ ለኢንጂነሩ እሺ ማለቱ ይወጣል፤ ኢንጂነሩን ቢጠይቅ ለሙዓሊሙ። ወርዶ ተኛ።

ቅዳሜ ከሱብሂ ሰላት መልስ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲያወልቅ፣ ከላይ ድምፅ ሰማ። ኮምፕረሰሯ ሳታርፍ ትጮኻለች። ጤነኛ ፍሪጅ ይሠራል፣ ያርፋል፤ ይቺ ግን ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ መኪና ታቃስታለች። ጀሚ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። መስታወቷ አሥራ ዘጠኝ ትላለች፤ ወደ አምስት ገና እየወረደች ነው። በሩን ሲከፍተው ግድግዳው ነጭ በረዶ ነው። ስክሪፕቶዎቹን ሲያነሳ ካርቶናቸው እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ አንዱን አውጥቶ ወደ መብራት አየው። ውስጡ ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም።

ቁጥሩን ወደ አርባ መለሰ፣ በሩን ከፈት አድርጎ በረዶውን በጨርቅ ጠረገ፣ ስክሪፕቶዎቹን በእጆቹ መሃል እያሸ አሞቀ። የቤቱ ሰዎች ለቁርስ ሲነሱ ሁሉም ቀልጦ፣ ጠርቶ፣ እንደ ድሮው ሆኗል። ሥጋም በርዶ ይቀልጣል፣ ይበላል አይደል ብሎ ራሱን አጽናና። በርዶ የቀለጠ ነገር አይበላሽም የሚል አሳብ ነበረው፤ ያን ጊዜ ግን እውነት እንዲሆን የፈለገው እንጂ ያመነው አልነበረም።

ሙዓሊም ጅብሪል መስታወቷን አይተው ትከሻውን መቱት። «ጎሽ! ፊደሏም ቁጥሯም እንዳለች!» መንገድ ላይ ፉኣድ ደወለ። «ጀሚ፣ እንዴት ሆነ?» «እሺ... ተስተካክሏል ኢንጂነር።» አልዋሸም ማለት ይቻል ይሆናል።

ማክሰኞ እትዬ ሩቂያ በእጃቸው ያለው መድኃኒት አለቀና ከፍሪጇ አዲስ ጀመሩ።

ረቡዕ ሱቅ ውስጥ የሙዓሊሙ ስልክ ጮኸ። ጀሚ የፍሪጅ ጀርባ ፈትቶ ተንበርክኳል።

«ስንት? ሦስት መቶ አርባ? ሩቂያ፣ ቴምር በልተሻል! ... ወላሂ አትበይ! ... መድኃኒቱን ወግተሽ እንዴት ይጨምራል ታዲያ?» ስልኩን ወረወሩት። «ዓጅዋ ስኳር አይጨምርም! ይኸው ጨመረ! ሴት ያመነችውን ነገር ሐኪም ቢነግራት፣ ሸይኽ ቢነግራት...» መፍቻው ከጀሚ እጅ ወደቀ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም ሙዓሊም። አዳልጦኝ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላም። ልናገር ብሎ ሦስት ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሁለቱን ጊዜ ሌላ ነገር ጠይቆ ተመለሰ፤ አንዴ ቴፕ፣ አንዴ ሳሙና፤ ሦስተኛውን ጊዜ ምን እንደሚጠይቅ ጠፋው። የሚፈራው ስድቡን አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ በሙዓሊሙ እጅ ነው፣ እሱም ያስፈራል፤ ግን ከዚያ በላይ፣ አሥራ አራት ዓመት ያመኑት ሰው የሚስታቸውን መድኃኒት ገደለባቸው መባሉን ነው። ባይሆንስ? መድኃኒቱ ደህና ቢሆንና ቴምሩ ቢሆንስ? ይህን «ቢሆንስ» ሙጥኝ አለው።

ሐሙስ መኪናው ውስጥ ሙዓሊሙ ስልካቸውን ያገላብጣሉ። የመካ ኬላ ጋ ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ፤ ዳሊያ ናት፤ ከባሏ ጋር ቀድማቸው እናቷ ቤት ገብታለች፤ እየተጣደፈች በዐረብኛ ትናገራለች። ጀሚ «ታስታውካለች» የምትለዋን ብቻ ለየ። ኬላውን እንዳለፉ ነዳጁን ረገጠ።

ቤት ሲገቡ እትዬ ሩቂያ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ አጠገባቸው ሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙስ አለ። ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ፉኣድ የስኳር መለኪያዋን ይዟል።

«አራት መቶ ሃያ» አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እትዬ ሩቂያ፤ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። «ከትናንት ጀምሮ አንድም አልቀመስኩም። ከዚህ በኋላ አልነካም። አትቆጡኝ። ጀሚዬ፣ መጣህ? ሳህኑን ከዚህ አንሣልኝ፤ ዓይኔም አይየው።»

ጀሚ የቴምሩን ሳህን አነሳ።

«ሆስፒታል እንውሰዳት» አለች ዳሊያ።

«ቆይ» አለ ፉኣድ። «መርፌው ገና አልሠራ ይሆናል። ትንሽ ጨምረን እንውጋትና እስከ ነገ ጠዋት እንየው። ቴምሩ ከሆነ ይወርዳል።»

«አዎ፣ እስከ ነገ» አሉ ሙዓሊሙም። ዛሬ ደግሞ ተስማሙ። «ጀሚ፣ ከፍሪጅ አዲስ ካርቶን አምጣ።»

«እሺ ሙዓሊም።»

ጓዳ ገባ። አርባ፤ ማበጠሪያ። ካርቶኑን አውጥቶ አገላበጠው። ዙሪያውን በጽሑፍ ተሞልቷል፤ የዐረብ፣ የፈረንጅ። ጽሑፉ ለሱ ምንም አይደለም። ግን አንድ ጎኑ ላይ ሥዕል አለ። ኮከብ የምትመስል የበረዶ ሥዕል፤ በላይዋ ላይ ትልቅ መስመር ተሰምሯል። ሙከይፍ ካርቶን ላይ እንዲህ ያለ መስመር ያየ ሰው ነው፤ በውሃ ሥዕል ላይ፣ በእሳት ሥዕል ላይ። እንዳታደርግ ማለት ነው። ማንበብ የሚችሉት ሁሉ በየቀኑ ይህን ካርቶን ሲይዙት ከርመዋል፤ ያዩት ቁጥሩን ነው።

የያዘው «ቢሆንስ» እዚያው ተበጠሰ።

ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ፉኣድ እጁን ዘረጋ። ጀሚ ካርቶኑን አልሰጠውም።

«አምጣው እንጂ» አሉ ሙዓሊሙ።

«አይ» አለ ጀሚ።

ሁሉም ዞሩ። ቃሏ ከማን አፍ እንደወጣች ያልገባቸው መሰሉ።

«መድኃኒቱ ሞቷል። ዓርብ ማታ በርዶ ነው ያደረው፤ በረዶ ሆኖ። እኔ ነኝ። ቅዳሜ አቅልጬ ደበቅኩ። እትዬ ሩቂያ ቴምር አይደለም ያመማቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ ነው የሚወጉት።»



«እንዴት ይበርዳል?» አሉ ሙዓሊሙ ቀስ ብለው። «በስንት?»

«በአምስት።»

«በማን ፊደል?»

«በአንቱ።»

«አምስት ማን አለህ?»

ጀሚ ወደ ፉኣድ አየ። ፉኣድ ፊቱ ጠቆረ። «ወደ ሴልሺየስ ቀይረህ ነዋ! በሴልሺየስ አምስት ማለቴ እኮ...»

«አላልከኝም ኢንጂነር። እሳቸው ደግሞ ፊደሏን አትንካ ብለውኛል።»

«አየህ!» ሙዓሊሙ ተነሱ። «አንተ በፍሪጄ ባትገባ ኖሮ...»

«ዓሚ፣ እንደ ሰው በሴልሺየስ ቢሆን ኖሮ አምስት አምስት ነበር!»

«አምስት በሰው ሚዛን በረዶ መሆኑን የማያውቅ ኢንጂነር...»

«ባባ፣ ኸላስ!» ዳሊያ ጮኸች። «ኡሚ እየሞተች ነው!»

ጀሚ እነሱን አልጠበቀም። ፍራሹ አጠገብ ተንበርክኮ እትዬ ሩቂያን ከነብርድ ልብሳቸው አቀፈ፤ ቀልለውታል። «ዳሊያ፣ በሩን ያዢ። መኪናው ታች ነው፤ ሞተሩ ገና ትኩስ ነው።» ካርቶኑን በብብቱ ይዟል። ደረጃው ላይ እትዬ ሩቂያ ጆሮው ሥር አንድ ነገር አሉ፤ አልሰማቸውም።

ሆስፒታል ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ቴምር አልነበረም። ካርቶኑን አየና «መቼ ነው የበረደው?» አለ። ሙዓሊሙም ኢንጂነሩም አፋቸውን ሲከፍቱ ጀሚ ቀደማቸው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አሥራ ዘጠኟን ሳይቀር በተሰባበረ ዐረብኛው ተናገረ። ሐኪሙ በደም ሥር የሚገባ ውሃና አዲስ ኢንሱሊን አዝዞ፣ እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ሙዓሊም ጅብሪል ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ጀሚ እንዲህ ትንሽ ሆነው አይቷቸው አያውቅም።

እትዬ ሩቂያ እሑድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ዓጅዋዬን አምጡ» የሚል ነው።

«ኡሚ!»

«ቴምር አይደለም ተብሏል። ሐኪም ሰምቷል፣ ጀሚ መስክሯል። አልኳችሁ አይደል?» ዳሊያ ሳህኑን አመጣችላቸው። አንዲት ብቻ በሉ፤ ጀሚን እያዩ። «ጀሚዬ፣ ደረጃው ላይ ያልኩህን ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም እትዬ።»

«ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ስንት ቀን ነው አልኩህ።»

ጀሚ አንገቱን ደፋ። «ስድስት እትዬ።»

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ በአንደኛው ቀን ተናገር።»

ሙዓሊም ጅብሪል ከሱቁ አላባረሩትም። አንድ ሳምንት ያህል በጣት ብቻ እየጠቆሙ አሠሩት፤ ከዚያ አፋቸው ተፈታ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሐሙስ ጓዳ ገብተው ፍሪጇን እያዩ «በፊደሌ አርባ፤ አለቀ» አሉት። ማታ ፉኣድ ደወለ። «ጀሚ፣ ይቅርታ፣ ያን ቀን በደንብ አልነገርኩህም። አሁን በትክክል እነግርሃለሁ፤ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነህ ወደ ሴልሺየስ ትቀይርና...»

ጀሚ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ። ሙዓሊሙ ከሳሎን እያዩት ነው።

«ኢንጂነር፣ ሙዓሊም ሌላ ነው ያሉኝ። እዚህ አሉ፤ ላገናኝህ። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። እስከዚያ አልነካትም።»

ስልኩን ለሙዓሊሙ ሰጥቶ ጓዳ ተመለሰ። ጩኸቱ ወዲያው ተጀመረ፤ ማንቆርቆሪያ የምትለዋን ሰማ። ጀሚ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ከስክሪፕቶዎቹ አጠገብ አስቀመጠ። ጠዋት ጠዋት እትዬ ሩቂያ በጣታቸው ይነኩታል። ውሃው ከተንቀሳቀሰ ይወጋሉ፤ ካልተንቀሳቀሰ በረዶ ሆኗል ማለት ነው፣ ለጀሚ ይደውላሉ። ጀሚና እትዬ ሩቂያ ተስማምተዋል።

ከዚያ ታች ቤት ወርዶ፣ ሙከይፉን ሳያበራ፣ መስኮቱን ከፍቶ ተኛ።